የውሃ ድንጋይን ከቦይለር፣ ከኬትልና ከማኪያቶ ማሽን ላይ ማስለቀቅ፦ ከአሲዱ በፊት ፍተሻው

ቦይለሩ መሞቅ ሲጀምር እንደሚታመስ ቆሎ ይንጣጣል። ባለ 80 ሊትር ሆኖ ሳለ ሁለተኛው ሰው ሻወር ሳይጨርስ ውሃው ይቀዘቅዛል። ወይም በቅርቡ የተቀየረው ኤለመንት (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) እንደገና ተቃጥሏል። ካፌ ላለው ሰው ምልክቱ ይለያል፤ ቡናው በጠብታ ይወርዳል፣ ወተት የሚያሞቀው እንፋሎትም ውሃ ይተፋል። ሁሉም ብዙ ጊዜ ምንጫቸው አንድ ነው፦ በሚግለው ብረትና በውሃው መካከል የድንጋይ ቅርፊት ተጋግሯል።

የተለመደው ምክር «አቼቶ ጨምረህ አፍላው» የሚል ነው። ቅርፊቱ ካልሲየም ካርቦኔት ከሆነ ምክሩ ይሠራል። ካልሆነ ቤቱ በአቼቶ ሽታ ይታጠናል፣ ድንጋዩ ግን ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ሰው ይናደድና የሽንት ቤት አሲድ ያመጣል፤ ድንጋዩ ሳይለቅ ብረቱ ይበላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቅርፊቱ ምን እንደሆነ እንወቅ፣ ቀጥሎ ብረቱ ምን እንደሆነ፣ አሲዱን የምንመርጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ድንጋዩ ለምን እዚያው ብረቱ ላይ ይቀመጣል?

ዝናብ መሬት ውስጥ ሲሰርግ ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስድና ትንሽ አሲድነት ያገኛል። በዚህ ኃይሉ ከድንጋይ ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዥየም አሟምቶ በቢካርቦኔት መልክ ተሸክሞ ይመጣል። ውሃው ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ ምንም አይታይም። ሲሞቅ ግን ቢካርቦኔቱ ይፈርሳል፤ ጋዙ ይወጣል፣ ካልሲየም ካርቦኔቱ ጠጣር ሆኖ ይቀራል። ስኳር በሙቅ ውሃ ይበልጥ ይሟሟል፤ ካልሲየም ካርቦኔት ግን ውሃው በሞቀ ቁጥር መሟሟቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ከሁሉ ቀድሞ የሚቀመጠው በጣም በሚግለው ቦታ፣ ማለትም በኤለመንቱ ቆዳ ላይ ነው።

ቅርፊቱ ሙቀት አያሳልፍም ማለት ይቻላል። መዳብ በሜትር በኬልቪን ወደ 400 ዋት፣ ስቴንለስ ብረት ወደ 15 ዋት ያስተላልፋል፤ የካርቦኔት ቅርፊት ግን ከ1 እስከ 2 ዋት አካባቢ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላንሣ። «ድንጋይ የያዘ ቦይለር መብራት ይበላል» ይባላል። ውሃ ውስጥ የተጠመቀ የኤሌክትሪክ ኤለመንት የሚያመነጨው ሙቀት መውጫው ውሃው ብቻ ስለሆነ ቆጣሪው ላይ የሚታየው ልዩነት ትንሽ ነው። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው። ሙቀቱ ቅርፊቱን ሰብሮ እስኪወጣ ድረስ ኤለመንቱ ውስጡ ከልክ በላይ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። የሚንጣጣውም ድምፅ ከቅርፊቱ ሥር የታሰረ ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ የሚያሰማው ነው። በጋዝ ወይም በናፍጣ የሚሞቁ ትልልቅ ቦይለሮች ግን ጉዳያቸው የተለየ ነው፤ እዚያ ሙቀቱ በጭስ ማውጫው ስለሚያመልጥ ነዳጁ በእውነት ይባክናል።

የመሐል ከተማ ውሃ

ፒያሳ ላይ ያለ ካፌና ካዛንቺስ ያለ ሆቴል አንድ ዓይነት ውሃ ላይቀዱ ይችላሉ። የአዲስ አበባ ውሃ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ይመጣል፤ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶችም ይመጣል። ግድብ ያጠራቀመው የዝናብ ውሃ በአብዛኛው ለስለስ ያለ ነው፤ ከጉድጓድ የወጣው ማዕድን ይበዛበታል። በዚህ ላይ ፈረቃ አለ። ውሃ ሲጠፋ ሮቶው በቦቴ ይሞላል፣ አንዳንዱ ሕንፃ ደግሞ የራሱን ጉድጓድ አስቆፍሯል። የጎረቤቱ ኬትል ሲያብረቀርቅ የእናንተ በነጭ ቅርፊት የሚሸፈነው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። ከተማችን የተቀመጠችው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ የከርሰ ምድር ውሃ ከካልሲየሙ በተጨማሪ ሲሊካ ይዞ ይመጣል፤ መስታወት የሚሠራበት ማለት ነው። የሲሊካ ቅርፊት ግራጫ፣ ጠንካራና የሚያንሸራትት ሲሆን አቼቶም ሎሚም አይነካውም። ለዚህ ነው ፍተሻው መቅደም ያለበት።

ፍተሻው

ከኬትሉ ሥር ወይም ከሻወር ራስ ላይ በፕላስቲክ ማንኪያ ትንሽ ቅርፊት ፍቁ። ነጭ ሳሕን ላይ አድርጋችሁ ጥቂት ጠብታ አቼቶ አፍስሱበትና ጠብቁ።

ወዲያው አረፋ ካወጣና ካነሰ ካርቦኔት ነው፤ ሥራው ቀላል ይሆናል። ቀስ ብሎ ጥቂት አረፋ ብቻ ካወጣ አቼቶውን ለብ አድርጋችሁ ድገሙት፤ ማግኒዥየም የበዛበት ወይም የተቀላቀለ ቅርፊት ሊሆን ይችላል፣ ይለቃል ግን ጊዜ ይፈልጋል። ቡናማ ወይም ቀይ ሆኖ አረፋ የማያወጣው ዝገት ነው። ዝገት ላይ ከአቼቶ ይልቅ ለብ ያለ ሲትሪክ አሲድ የተሻለ ነው፣ ብረቱን ከዝገቱ ውስጥ ይዞ ስለሚያወጣ። ግራጫና ጠንካራ ሆኖ ሞቅ ባለ አሲድ ውስጥም አድሮ ያልተለወጠ ከሆነ ግን ሲሊካ ወይም ሰልፌት ነው። ለሲሊካ የሚሆን አሲድ አለ፤ ፍሎራይድ ያለበት ነው፣ ቆዳ አልፎ አጥንት ይጎዳል። ቤት ውስጥ የሚነካ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ቅርፊት የያዘ ኤለመንት ከሆነ አዲስ መግዛት ይሻላል።

የትኛው አሲድ፣ ስንት?

ለቤትና ለካፌ የእኔ ምርጫ ሲትሪክ አሲድ ነው። ዱቄት ነው፣ አይሸትም፣ ምግብ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። መርካቶ ካሉ የኬሚካልና የምግብ ግብዓት ሱቆች ለምግብ የሚሆነውን ጠይቁ። ልኩ ለአንድ ሊትር ውሃ ከ20 እስከ 50 ግራም ነው፤ ለቀጭን ቅርፊት ትንሹን፣ ለወፍራም ትልቁን ያዙ።

ስሌቱን ማወቅ ይጠቅማል። 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ ቢበዛ 75 ግራም ገደማ ካልሲየም ካርቦኔት ያሟሟል። 5 በመቶ የሆነ አንድ ሊትር አቼቶ ቢበዛ 40 ግራም ገደማ። በተግባር ከዚህም ያነሰ ነው። ከአንድ ቦይለር ውስጥ ሁለት ኪሎ ቅርፊት ከወጣ ያንን በአቼቶ ለማሟሟት ከ50 ሊትር በላይ ያስፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ የረገፈውን በእጅ አውጡ፤ አሲዱን ብረቱ ላይ ለተጣበቀው አስቀሩት።

ሲትሪክ አሲድን ማፍላት ስሕተት ነው። ከካልሲየም ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠረው ካልሲየም ሲትሬት በሙቅ ውሃ ውስጥ መሟሟቱ ይቀንሳል፤ በጣም ካሞቃችሁት አንዱን ነጭ ቅርፊት በሌላ ነጭ ቅርፊት ትተካላችሁ። ከ50 እስከ 60 ዲግሪ በቂ ነው፤ እጅ ነክቶ ቶሎ የሚሸሽበት ሙቀት ማለት ነው። አረፋው ቆሞ ቅርፊቱ ገና ካለ አሲዱ ደክሟልና ድፉት፤ አዲስ በጥብጡ።

ሎሚም ይሠራል፣ ጭማቂው 5 በመቶ ገደማ ሲትሪክ አሲድ አለው። ለአንድ ኬትል ይሁን፤ ለቦይለር ግን የሎሚ ዋጋ አያዋጣም።

ብረቱንም እዩ። ስቴንለስና መዳብ ሲትሪክ አሲድን ይችላሉ። አልሙኒየም ይጠቁራል፣ ጋልቫናይዝድ ቱቦና ባልዲ የዚንክ ሽፋናቸውን ያጣሉ፤ እነዚህን ከአሲድ አርቁ። ሽንት ቤት የሚታጠብበት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ድንጋዩን ቶሎ ይበላል፣ ስቴንለሱንም በመርፌ እንደተወጋ ይበሳሳዋል፤ ኤለመንት ላይ እንዳታስጠጉት። እምነ በረድ የተነጠፈበት ወለል ወይም ጠረጴዛ ካለም ላስቲክ ዘርጉበት፤ እምነ በረድ ራሱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው።

ከሁሉ በላይ፦ አሲድና በረኪና አንድ ዕቃ ውስጥ፣ አንድ ፍሳሽ ውስጥ እንኳን አይገናኙ። ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ሁልጊዜም አሲዱን ወደ ውሃው ጨምሩ።

ኬትል

ይህ አጭር ነው። ኬትሉን እስከ ግማሽ ውሃ ሙሉና ለብ ከማለት አልፎ ሞቅ ሲል፣ ሳይፈላ፣ አጥፉት። ከመሰኪያው ንቀሉና በሊትር አንድ ሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ቀስ ብላችሁ ነስንሱ፤ አረፋ ያወጣል፣ ስለዚህ ክዳኑን አትዝጉ። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ድፉ፣ በስፖንጅ አብሱ፣ አለቅልቁ፣ ንጹሕ ውሃ አንድ ጊዜ አፍልታችሁ ድፉ። ቢላዋ ወይም የብረት ፍርግርግ አትጠቀሙ፤ የተጫረ ብረት ቀጣዩን ቅርፊት ይበልጥ ይይዛል።

የሻወር ቦይለር

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ኤሌክትሪክ ስላለበት እጃችሁ ካልተማመነ ባለሙያ ጥሩና ይህን ይዛችሁ አጠገቡ ቁሙ።

1. ቦይለሩን ከብሬከሩ አጥፉ። ማብሪያ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም፤ በብዙ ቤት ማብሪያው የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ነው፣ እሱም አንዳንዴ የተሳሳተውን። ብሬከሩ ላይ ወረቀት ለጥፉ። ሕንፃው ጄኔሬተር ካለው ያም መስመር መቆረጡን አረጋግጡ። ሽፋኑን በካቻቢቴ ከፈታችሁ በኋላ ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር ሳታዩ አትንኩ።

2. ውሃው እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ማታ አጥፍቶ ጠዋት መሥራት ከሁሉ ይቀላል።

3. የቀዝቃዛውን መግቢያ ዝጉ፣ የሻወሩን ሙቅ ውሃ ክፈቱ። አየር ካልገባ ውሃው አይወርድም። ቀጥሎ የቀዝቃዛውን መስመር ከቦይለሩ ሥር ፍቱና ውሃውን በጎማ ወደ ፍሳሽ አስወጡ። የመጨረሻዎቹ ሊትሮች ነጭ አሸዋ የመሰለ ነገር ይዘው ይመጣሉ።

4. የሽቦዎቹን አቀማመጥ በስልክ ፎቶ አንሡ። ከዚያ ሽቦዎቹን ንቀሉ፣ ቴርሞስታቱን አውጡ፣ ኤለመንቱን የያዙትን ዳዶዎች ፊት ለፊት የሆኑትን እያፈራረቃችሁ አላሉ። ከሥር ባልዲ ይኑር፤ ሁልጊዜ የተደበቀ ውሃ አይጠፋም።

5. ኤለመንቱ አልወጣ ካለ አትጎትቱት። ቅርፊቱ አብጦ ከቀዳዳው ሰፍቷል ማለት ነው። እዚያው እንዳለ ጎንና ጎኑን በእንጨት ቀስ ብላችሁ አንኳኩና የረገፈውን አውጡ፣ እያሽከረከራችሁ ሳቡት።

6. ታንኩ ውስጥ ያለውን ዝቃጭ በእጅና በፕላስቲክ ኩባያ ጥረጉ። የውስጥ ግድግዳው ብዙ ጊዜ በኢናሜል የተለበጠ ነው፤ ብረት ካስገባችሁ ይሰነጠቃል፣ ከዚያም ይዝጋል። ግድግዳው ላይ የቀረውን ስስ ነጭ ሽፋን ተዉት፣ ጉዳት የለውም።

7. ከኤለመንቱ ጋር አንድ ግራጫ ዘንግ ታገኛላችሁ። የማግኒዥየም አኖድ ይባላል፤ ታንኩ እንዳይዝግ እሱ ራሱ እየተበላ ይጠብቀዋል። አሲድ ውስጥ ከገባ ሃይድሮጅን እያወጣ ያልቃል፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ፍቱት። ከግማሽ በላይ ከተበላ ቀይሩ። ብዙ ሰው ይህን ዘንግ አይቶት አያውቅም፤ የታንኩ ዕድሜ ግን በእሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

8. በፕላስቲክ ባልዲ በሊትር 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ በሞቀ ውሃ በጥብጡና ኤለመንቱን ንከሩት። የሽቦ መያዣዎቹ ከውሃው በላይ ይሁኑ። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። በየመሐሉ አውጥታችሁ የላላውን በእንጨት አራግፉ፤ መዶሻ አይነካውም።

9. ኤለመንቱን አለቅልቃችሁ አድርቁትና በቴስተር ለኩ። በ220 ቮልት 1500 ዋት የሆነ ኤለመንት 32 ኦም ገደማ፣ 2000 ዋት የሆነው 24 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። በሽቦ መያዣውና በኤለመንቱ ቆዳ መካከል ምንም ንባብ መኖር የለበትም። ካለ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው ይሾልካል፤ የተሰነጠቀ ወይም የተበሳ ቆዳም ካያችሁ አትመልሱት፣ ጣሉት።

10. የጎማ ማሸጊያውን በአዲስ ተኩ፤ ርካሽ ነው፣ አሮጌው ግን ሁለተኛ ጊዜ እምብዛም አይገጥምም። ዳዶዎቹን እንደገና በማፈራረቅ አጥብቁ። የምድር ሽቦው በቦታው መመለሱን ደግማችሁ እዩ።

11. ታንኩን ሙሉ። የሙቁ ቧንቧ አየር ሳይተፋ ያለማቋረጥ ውሃ እስኪያወርድ ድረስ ብሬከሩን አታብሩ። ባዶ ታንክ ውስጥ የበራ ኤለመንት በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት ሌላ ትርጉም አለው። በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ ከሌለ፣ ውሃ ጠፍቶ ሙቁ ቧንቧ ተከፍቶ ሲቀር ታንኩ ወደ መስመሩ ተመልሶ ሊፈስ ይችላል። በድንጋይ የተሳበበ ብዙ የተቃጠለ ኤለመንት በእኔ ግምት የተቃጠለው በዚህ ነው። ቫልቩ ከሴፍቲ ቫልቩ ጋር አንድ ላይ ይመጣል፤ ስለሚንጠባጠብ ብቻ በቡሽ የሚደፍነው ሰው አለ፣ ያ ቦይለሩን ቦምብ ማድረግ ነው።

ጣሪያ ላይ ያለው የሶላር ማሞቂያ

ባለ መስታወት ቱቦ ከሆነ በጠዋት፣ ፀሐይ ሳይመታው ሥሩ። ባዶውን የጋለ ቱቦ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ይፈነዳል። ዝቃጩ ከቱቦው ጫፍ ይከማቻል፤ ቱቦውን አውጥቶ በአቼቶና በጠርሙስ ብሩሽ ማጠብ ይበቃል።

የማኪያቶ ማሽን

ማሽኑ ሁለት ዓይነት ቆሻሻ አለው፣ ብዙ ካፌ ደግሞ ያምታታቸዋል። ቡና የሚወርድበት ራስ ላይ ያለው ጥቁር ነገር የቡና ቅባት ነው፤ አሲድ አያስለቅቀውም፣ ለቡና ማሽን በተሠራው ሳሙና ነው የሚታጠበው። ድንጋዩ ያለው ከዚያ በስተጀርባ፣ በቦይለሩና በቱቦዎቹ ውስጥ ነው። ቅባቱን ቀድማችሁ እጠቡ፤ በቅባት የተሸፈነ ድንጋይን አሲድ አያገኘውም።

የማሽኑ ቦይለር ከሻወሩ ይልቅ ቶሎ ድንጋይ ይይዛል፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሚወጣው በአብዛኛው እንፋሎት ነው፤ እንፋሎት ማዕድን አይዝም፤ ማዕድኑ ሁሉ እዚያው እየከበደ ይሄዳል። ከማሽኑ ለሻይ ሙቅ ውሃ አዘውትሮ የሚቀዳ ካፌ ሳያውቀው ቦይለሩን ያጥባል። የማይቀዳ ካፌ በሳምንት አንዴ፣ ከመዘጋቱ በፊት፣ ከሙቅ ውሃው ቧንቧ ሁለት ሦስት ሊትር አውጥቶ ማሽኑ እንደገና እንዲሞላ ያድርግ። ከዚህ ቀላል ጥገና አላውቅም።

የካፌው ሰው ራሱ ሊሠራቸው የሚችላቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ቡና በሚወርድበት ራስ ውስጥ ያለውን ወንፊት ፈትቶ ከሳሙናው በኋላ በሊትር 30 ግራም ሲትሪክ አሲድ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት መንከር። ሁለተኛ፣ የውሃ መጠን የሚለየውን ዘንግ ማጽዳት። ይህ ዘንግ በቅርፊት ከተለበጠ ውሃ ነክቶት እንኳ አያውቅም፣ ማሽኑ ከልክ በላይ ይሞላል፣ እንፋሎቱም ውሃ ይተፋል። ማሽኑ ጠፍቶ፣ ተነቅሎ፣ ግፊቱ ዜሮ ሆኖና ቀዝቅዞ ሳለ ዘንጉ ይወጣል፣ በአሲድ በተነከረ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ይለቀለቃል፣ ይመለሳል።

ከዚያ ያለፈውን ለቴክኒሻን ተዉ፤ ሙሉ ማሽኑ ውስጥ አሲድ አዙሩ የሚለውንም አትስሙ። ወፍራም ቅርፊት ሁሉም አይሟሟም፤ ሲላላ ተሰባብሮ አንድ ሚሊሜትር በማይሞሉ ቀዳዳዎችና በኤሌክትሪክ ቫልቮች ውስጥ ይሰካል። ትክክለኛው አሠራር ቦይለሩን ከፍቶ ኤለመንቱንና ቱቦዎቹን ለየብቻ መንከር ነው። ውድ ነው፣ ማሽኑም ይቆማል፤ ግን አንድ ጊዜ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ግፊቱ በአምራቹ መመሪያ ልክ ቢመለስም ሙቀቱ መመሪያው ላይ እንዳለው ካልሆነ አትደንግጡ። መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ 1 ባር የሚያሳይ ቦይለርም ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በ4 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ይህ የድንጋይ ጥፋት አይደለም።

ፍሳሹና ቀጣዩ ጊዜ

ያገለገለውን አሲድ ባልዲ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ በማንኪያ እየጨመራችሁ አረፋው እስኪቆም አሲድነቱን አጥፉ፣ ብዙ ውሃ ጨምሩበትና ድፉ።

የሻወሩን ቴርሞስታት 60 ዲግሪ ላይ አድርጉት። ከዚያ ሲያልፍ ቅርፊቱ ይፋጠናል፤ ከ50 በታች ሲወርድ ደግሞ ታንኩ ለባክቴሪያ ይመቻል። ካፌ ውስጥ ውሃ ማለስለሻ ካለ ሬዚኑ (ካልሲየሙን ከውሃው የሚይዘው ፍሬ) በጨው በየጊዜው መታደስ አለበት፤ ጨው ካላገኘ ውሃው እንደመጣ ያልፋል። ብዙ ካፌ ዕቃውን ገዝቶ ጨዉን ይረሳል።

በስንት ጊዜ ይደገም ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም የሚሆን ቁጥር የለም፤ ውሃው ከሠፈር ሠፈር፣ ከሕንፃ ሕንፃ ይለያያልና። የመጀመሪያውን ከስድስት ወር በኋላ ክፈቱና ቅርፊቱን ለኩ። አንድ ሚሊሜትር ካልሞላ በዓመት አንዴ ይበቃችኋል፤ ከዚያ ከወፈረ በየስድስት ወሩ ክፈቱ፣ ሮቶው በቦቴ የተሞላበትንም ቀን መዝግቡ።